አሥራ ሁለት ቁልፍና አንድ አውራ ጣት

የቀኝ እጄ አራት ጣቶች ሲከዱኝ አውራ ጣቴ ለምን አብሮ እንዳልከዳ እስከ ዛሬ በቅጡ የነገረኝ የለም። ሐኪሙ «ነርቭ ነው» አለ። ሚስቴ ደግሞ «ዕድሜህን ሙሉ ውሸት ስትጽፍባቸው ኖረህ ነው፤ አውራ ጣትህ በቃልና በቃል መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ ስለሚመታ ንጹሕ ሆኖ ተረፈ» አለች። የሚስቴ ይበልጥ አሳመነኝ። እሷ ቢያንስ ምክንያት ሰጥታለች።

የሆነው በአንድ የክረምት ማለዳ ነው። እኔ ከእንቅልፌ ስነሣ ጣቶቼ አልተነሡም። የደብረ ታቦር ብርድ መስሎኝ እሳት ዳር ይዣቸው ተቀመጥሁ። ሞቁ፤ ግን አልነቁም። አውራ ጣቴ ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አለቆቹ ሁሉ ስብሰባ ሄደው ብቻውን ቢሮ የቀረ ተላላኪ ይመስላል።

ለማያውቀኝ ሥራዬን ልናገር። እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በመጀመሪያ በጃንጥላ ሥር፣ ቀጥሎ በቆርቆሮ ዳስ፣ ኋላም በአንዲት የኮምፒዩተር ቤት መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰው ብሶት ስጽፍ ነው ፀጉሬ የነጣው። የነጣው የቀረው ነው፤ የሄደውማ ጥቁር እንደሆነ ሄዷል። የጽሕፈት መኪና ያስተማረኝ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮኝ ነበር። «ጣትህን አትይ፤ ወረቀቱንም አትይ። ባለጉዳዩን እይ። ሰው ሲዋሽ ዓይኑ ይሰበራል፤ እዚያ ላይ ጣትህን አዘግይ፤ እሱ ራሱ ያስተካክለዋል።» ይህን ምክር እንደ ጸሎት ያዝሁት። ሰው ፊት እያየሁ ስጽፍ ኖርሁ። ኮምፒዩተር ሲመጣም ዓይኔ ከሰው ፊት አልተነቀለም። የኮምፒዩተሩ መስታወት የተሠራው ለኮምፒዩተር ቤቷ ባለቤት እንጂ ለእኔ አይመስለኝም ነበር።

ባለቤቲቱ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ከብዙ ዓመት በፊት እኔ ዘንድ መጥታ የማመልከቻ አጻጻፍ ተምራለች። የጽሕፈት መኪናዬ ዕድሜው አልቆ ሲያርፍ እሷ ኮምፒዩተር ቤት ከፍታ ነበርና መስኮቷ ሥር አንድ ወንበርና አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ሰጠችኝ። እኔ ለሰው ሁሉ «ተማሪዬ ናት» እላለሁ። እሷ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ «ጥገኛዬ ናቸው» ብላ አታውቅም።

እጄ ከደነዘዘ በኋላ በግራ እጄ ብቻ እንደ ዶሮ እየለቀምሁ መጻፍ ጀመርሁ። ድሮ በግማሽ ሰዓት የምጨርሰው ማመልከቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ባለጉዳይ ጨዋ ነው፤ ፊት ለፊት አይልም። «ጸሐፊው፣ ትንሽ ጉዳይ አለኝና ደርሼ ልምጣ» ይልና ዞሮ በበሩ ገብቶ ተማሪዬ ዘንድ ይሰለፋል። ወንበሬን የወሰደብኝ ሰው የለም። የከፋውም እሱ ነው። የወሰደ ሰው ቢኖር እከስሰው ነበር።

ሚስቴ «ቤትህ ተቀመጥ» ትላለች። ቤት እኮ ጠልቼ አይደለም። ቤት የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ግን ሥራው የሚስቱን አቤቱታ መስማት ብቻ ነው፤ ያውም ይግባኝ የሌለበት። ማለዳ ተነሥቼ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ፍርድ ቤቱ በር ደርሼ «ጸሐፊው፣ እንዴት አደሩ?» የሚለኝ ካጣሁ ማን እንደምሆን አላውቅም። ያቺ ወንበር የእኔ መታወቂያ ናት።

በዚህ መካከል ተማሪዬ ወረቀትና የማተሚያ ቀለም ልታመጣ ባሕር ዳር ሄደች። ስትመለስ አንዲት ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ይገምግሙልኝ።»

«ማንን?» አልሁ።

ግምገማ የሚል ቃል ስሰማ ወንበሬን ወደ በሩ ማስጠጋት ልማዴ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቃለ ጉባኤ እንድይዝ በየመሥሪያ ቤቱ እጠራ ነበር። የስንቱ ጠንካራ ጎን በሁለት መስመር፣ ደካማ ጎኑ በሁለት ገጽ ሲወጣ በእነዚህ ጣቶች ጽፌዋለሁ። ሚስቴ ስለ ጣቶቼ ያለችው እንግዲህ ከዚህ ተነሥታ ነው።

«ሰው አይደለም» አለች እየሳቀች። «ማውስ ነው። ለሱቁ ሦስት ልጨምር አስቤያለሁ። መጀመሪያ አንቱ አንድ ወር ይሞክሩልኝና ጠንካራ ጎኑን ደካማ ጎኑን ጽፈው ይስጡኝ።»

ካርቶኑን ከፈትሁት። ጥቁር ነው። ጀርባው የኤሊ ጀርባ ይመስላል፤ መዳፍ ይሞላል። ገመዱ እንደ ጫማ ማሰሪያ የተጎነጎነ ነው። ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲገናኝ ሆዱ ውስጥ መብራት ይበራል፤ ቀይ ይሆናል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰማያዊ ይሆናል። የሰርግ ድንኳን ነው እንጂ የቢሮ ዕቃ አይመስልም። በግራ ጎኑ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት በኩል፣ ጥቃቅን ቁልፎች ተሰድረዋል። ቆጠርኋቸው። አሥራ ሁለት ናቸው።

«ይሄ ሁሉ ለምን ይሆናል?»

«ለጌም ነው። ጎረምሶች በኮምፒዩተር ይታኮሱበታል። በአንዱ ቁልፍ ይተኩሳሉ፣ በአንዱ ቦምብ ይወረውራሉ፣ በአንዱ ቁስላቸውን ያክማሉ።»

«እኔ ማንን ልተኩስ?»

«አንቱማ ፊደል ይተኩሱበታል» አለችና አጠገቤ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምፒዩተር አማርኛ ሲጻፍ አብዛኛው ፊደል ሁለት ምት ነው፤ መጀመሪያ የፊደሉ ዘር ይመታል፣ ቀጥሎ ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ራብዕ የሚነግረው ድምፅ። ተማሪዬ ያሰበችው፣ ዘሩን በግራ እጄ ከሰሌዳው ላይ እንድመታ፣ ድምፁን ደግሞ በአውራ ጣቴ ከማውሱ ላይ እንድሰጠው ነው። ቁልፎቹ የሚታዘዙ ናቸው፤ ይህን ሁን ሲሉት ይሆናል። ማውሱ ርካሽ በመሆኑ ግን ትእዛዙን ራሱ አይዝም። የሚያዝዘው ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ውስጥ ስለሚኖር ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር መከፈት አለበት። ይህን በደንብ አስረዳችኝ። እኔም «እሺ» አልሁ። እሺ ማለት እወዳለሁ፤ ማድመጥን ያሳጥራል።

ቁልፎቹን ራሴ ልሹማቸው ብዬ ጸናሁ። ምክንያት ነበረኝ። በልጅነቴ ዲቁና ጀምሬ ነበር፤ ጀምሬ ነበር ነው ያልሁት። ከዚያ የቀረልኝ ነገር ቢኖር እግዚኦታውን በጣት አንጓ መቁጠር ነው። የአራት ጣት አንጓ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት፣ አሥራ ሁለት ይሆናል። አውራ ጣት እየዞረ ይነካካቸዋል። ስድሳ ዓመት ሙሉ አውራ ጣቴ ሌላ ትምህርት አልተማረም። የማውሱም ቁልፍ አሥራ ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆኖ አራት ረድፍ። ሳየው ሰውነቴን ወረረኝ። ይህን ያበጀው ሰው የትም አገር ይሁን የት፣ የእኛን አቆጣጠር ያውቃል አልሁ።

እናም ፊደሉን በጣቶቼ አንጓ ልክ አሰፈርሁት። በአመልካች ጣት አንጓዎች ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፤ በመካከለኛው ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፤ በሦስተኛው ሳብዕ። ደስ እያለኝ «ለክቡር ፍርድ ቤት» ብዬ ጻፍሁ። መስታወቱ ላይ የወጣው «ለክባር ፍርድ ቤት» ነው።

አንድ ሳምንት ሙሉ ክቡሩን ፍርድ ቤት እንዲህ ስሰድበው ከረምሁ። ኋላ ተማሪዬ እጄን ያዘችና ማውሱ ላይ አሳረፈችው።

«ጋሼ፣ ጣትዎ እንዴት ነው ያለው?»

«ተኝቷል።»

«የማውሱ ረድፍስ?»

አየሁት። ጣቶቼ ወደ ፊት ተኝተዋል፤ ሦስት ሦስቱ አንጓም እንደዚያው። የማውሱ ሦስት ሦስት ቁልፍ ግን ከላይ ወደ ታች የቆመ ነው። እኔ ተኝቼ የቆጠርሁትን እሱ ቆሞ ይቀበለኛል። አንጓዎቼ ከፈረንጁ ጋር ሳይመካከሩ ነው የተሠሩት።

«ደግሞስ» አለች «በየቁልፉ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል እኮ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ።»

«ቁጥሩን ማን አየው?» አልሁ። እውነቴን ነው። ማየት ከተከለከልሁ ስንት ዘመኔ።

አዲስ ሹመት ተደረገ። አንድ ቁጥር ግዕዝ፣ ሁለት ካዕብ፣ ሦስት ሣልስ፣ አራት ራብዕ፣ አምስት ኃምስ፣ ሰባት ሳብዕ ሆነ። ሳድስ ድምፅ ስለማይፈልግ ስድስት ቁጥር ሥራ ፈት ሆኖ ተቀመጠ፤ በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ስምንት አራት ነጥብ ሆነ። ዘጠኝ የተሳሳትሁትን ወደ ኋላ የሚያጠፋ ሆነ፤ እንደ እሱ የደከመ ቁልፍ የለም። የቀሩት ሦስቱ ሹመት አላገኙም።

አውራ ጣቴን ከስድሳ ዓመት ልማዱ ማላቀቅ ቀላል አልነበረም። ማዕድ ላይ ጉልበቴን እነካካለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ኪሴ ውስጥ እነካካለሁ። አንድ ምሽት ሚስቴ አየችኝ።

«አሁን ደግሞ ምን እየጻፍህ ነው?»

«ተመስገን እያልሁ ነው።»

«በስንት ቁጥር?»

«ተ አንድ፣ መ አንድ፣ ስ ዝም ነው፣ ገ አንድ፣ ን ዝም» አልኋት። ቆጥራ የተረዳች ይመስል ራሷን ነቀነቀች፤ ኋላ ግን ለጎረቤት «ጣቱ ሲሻለው ጭንቅላቱን ጀመረው» ብላ እንደተናገረች ሰማሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ገባኝ። ግራ እጄ ዘሩን ሲዘራ አውራ ጣቴ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ድምፅ ይሰጠዋል። የጠፋ መታወቂያ ለማውጣት የመጣ ሰው ማመልከቻ በሰዓት ውስጥ ጻፍሁለት። ሌላ መጣ፤ ጻፍሁ። ወንበሬ እንደገና ወንበር ሆነች። የግምገማውንም ወረቀት በግራ እጄ ጀመርሁ። ጠንካራ ጎን፦ መዳፍ ይሞላል። ገመድ ስላለው አይጠፋም፤ የታሰረ ነገር ባለቤት ያለው ይመስላል። ታዛዥ ነው። ደካማ ጎን በሚለው ሥር «ብልጭ ድርግም ማለት ያበዛል» ከማለት በቀር የሚጻፍ አጣሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ አልጠረጠርሁም።

በአራተኛው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ አንዲት ሴት መጡ። ዕድሜያቸው የእኔው ነው። ከገሳይ በላይ ካለ ቀበሌ ነው የመጡት። ማለዳ ቢነሡም የተሳፈሩበት መኪና ጎማው መንገድ ላይ ፈንድቶ ነው ዘጠኝ ሰዓት ያደረሳቸው። ተማሪዬ ዘንድ ሦስት ሰው ተሰልፏል። እኔ ዘንድ ማንም የለም።

«ጸሐፊው፣ የይግባኝ ቀኔ ዛሬ ያልቃል አሉኝ። ዛሬ ካላስገባሁ አለቀልኝ።»

የተወሰነባቸውን የፍርድ ወረቀት ተቀብዬ አየሁት። እውነት ነው። መዝገብ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ተማሪዬ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

«ጋሼ፣ እኔ ልቀበልዎ?»

እዚህ ላይ «እሺ» ማለት ነበረብኝ። እሺ ማለት እንደምወድ ተናግሬያለሁ። ያን ቀን ብቻ ጠላሁት።

«ባለጉዳዬ ናቸው» አልኋት። ወደ ሴትዮዋ ዞሬ «እሜቴ፣ ይንገሩኝ» አልሁ።

ጀመሩልኝ። ባላቸው ሞተዋል። የባላቸው ወንድም ጎረቤት አራሽ ነው። በሁለቱ የገብስ ማሳ መካከል የድንጋይ ካብ አለ። ባልየው ካረፉ ጀምሮ ካቡ በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ ወደ እሳቸው ይቀርባል። ገና መግቢያውን ጽፌ አንድ አንቀጽ እንደጨረስሁ መብራት ጠፋ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ጠፍቶ ቆየ። ሴትዮዋ ወደ ሰማይ ያያሉ፤ እኔ ወደ ምሰሶው አያለሁ። ሲመጣ ተማሪዬ ሮጣ መጥታ ኮምፒዩተሬን አስነሣችልኝ። የጻፍሁት ተቀምጦ ነበርና ገጹን ከፈተችልኝ። ወዲያው ከውስጥ «የእኔ ኮፒስ?» እያሉ ጠሯት፤ ሮጣ ተመለሰች።

ቀጠልሁ። እጄ ማውሱ ላይ፣ ዓይኔ ሴትዮዋ ፊት ላይ። እንደዚያ ቀን አማረልኝ ብዬ የጻፍሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

«ሽማግሌዎቹ ድንጋይ አይሄድም ይሉኛል» አሉ። «የእኔ ድንጋይ ግን ሄደ። ባሌ ሳለ አንድ ቀን አልተንቀሳቀሰም። እሱ ሲሞት እግር አወጣ።»

«ሲሄድ ያዩ አሉ?»

«ሲሄድማ ማን ያያል። ሲነጋ ነው የሚታየው። ሥሩ እርጥብ የሆነ ድንጋይ አዲስ መጤ ነው። እሱን ለዳኛው ነገርሁት፤ አልተጻፈም።»

«አሁን ይጻፋል» አልሁና ጻፍሁት። ዓይናቸው አንድ ጊዜም አልተሰበረም። ጣቴን የማዘገይበት ቦታ አላገኘሁም። ሴትዮዋ እየተናገሩ እጄን ያያሉ።

«አውራ ጣትዎ ብቻ ነው የሚሠራው?»

«አዎ እሜቴ። ሌሎቹ ጡረታ ወጥተዋል።»

«እሱስ ይበቃዎታል?»

«እስካሁን አልተጣላንም።»

ሁለት ገጽ ሞላሁ። አራት ነጥብ መትቼ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ወንበሬን ገፋ አድርጌ ተማሪዬን ጠራኋት። «ነይ አትሚልን።» መጣች። ጎንበስ አለች። ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«ጋሼ» አለች በቀስታ።

ያኔ ነው መስታወቱን ያየሁት። መግቢያው ደህና ነው። ከመግቢያው በታች ያለው ግን እንዲህ ይላል፦ «ይ1ብ4ል1ብ5ት5 ው1ንድም ክ4ብ2ን ግ1ፍ4ው8» እንዲህ እያለ ሁለት ገጽ ይሄዳል። አናባቢ የለም፤ ሁሉም ቁጥር ነው። የሰረዝሁትም አልተሰረዘም። በሰረዝሁ ቁጥር ዘጠኝ ተጽፏል፤ የሃፍረቴ ብዛት ዘጠኝ ዘጠኝ እያለ ተሰልፏል።

«ፕሮግራሙን ሳልከፍትልዎ» አለች። ፊቷ ደም መሰለ። «ያ ሁሉ ሰው ሲጠራኝ ረስቼው። በየማለዳው እኮ ሳይመጡ እከፍትልዎ ነበር።»

በየማለዳው። እኔ ፕሮግራሙ መከፈት እንዳለበት ከሰማሁ አንድ ወር ሆኖኛል፤ አንድ ቀንም ከፍቼው አላውቅም፤ ለምን እንደሚሠራም አልጠየቅሁም። ኮቴን ለብሼ ስመጣ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ይጠብቀኝ ነበርና የራሴ ጉብዝና ይመስለኝ ነበር። ሹመቱ ሲነሣበት ማውሱ በላዩ ወደተጻፈው ተራ ቁጥር ተመልሷል። እኔም ልመለስበት የምችለው ቁጥር ቢኖረኝ በወደድሁ።

ሰዓቷን አየች። አሥር ከሩብ።

ሴትዮዋ ማንበብ አይችሉም፤ ግን ቁጥር ያውቃሉ። ተንጠራርተው አዩ።

«ምነው ቁጥር በዛበት?»

ተማሪዬ ገጹን ወደ ታች አወረደችው።

«ይሄ ሁሉ የመሬቴ ስፋት ከሆነስ ይበቃኛል» አሉ። ሳቅ ያልወጣኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እንደ አዲስ ይንገሩኝ፣ እኔ በፍጥነት እጽፋለሁ» አለች ተማሪዬ። ሴትዮዋን ደክሟቸዋል። «ነገርሁ እኮ» አሉ። «ድንጋዩ ሄደ አልሁ።» ከዚያ በላይ አልወጣቸውም። ባለጉዳይ እንዲህ ነው፤ ብሶቱ አንድ ጊዜ ከወጣ ሁለተኛው አመድ ነው። ያ እርጥብ ድንጋይ፣ ያ እግር ያወጣ ካብ፣ ሁሉም ከዚያ ቁጥር ሥር ተቀብሯል። የቀበርሁትም እኔ ነኝ፣ «ባለጉዳዬ ናቸው» ብዬ።

መስታወቱን እንደገና አየሁት። ይ አንድ፤ የ። ብ አራት፤ ባ። ል አንድ፤ ለ። አውራ ጣቴ ሳላዘው ማውሱ ላይ ተንቀሳቀሰ።

«ሂጂና ከኮምፒዩተርሽ ፊት ተቀመጪ» አልኋት።

«ምን ላድርግ?»

«ተይቢ። አነብልሻለሁ።»

«ይህን?»

«ይህን።»

መስኮቱ ተከፈተ። እኔ ከውጭ፣ እሷ ከውስጥ። አነበብሁላት። መጀመሪያ እንደ ፊደል ቆጣሪ፣ እያንዳንዱን ፊደል በአውራ ጣቴ እየነካካሁ፤ «የ፣ ባ፣ ለ፣ ቤ፣ ቴ።» ኋላ ግን ተፈታልኝ። ዘጠኝ ሲመጣ እዘልለዋለሁ፣ ስምንት ሲመጣ እተነፍሳለሁ። የእሷ ጣቶች አሥሩም ይሠራሉ፤ እንደ ዝናብ ይወርዳሉ። የተሰለፉት ሰዎች ወጥተው ከበቡኝ። አንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ መስታወቱን አየና «ይህ የማን ፊደል ነው?» አለ። መልስ ለመስጠት ጊዜ አልነበረኝም እንጂ የእኔ ነው፤ በዓለም ላይ ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ ከእኔም ጋር ያልቃል።

አሥር ሰዓት ተኩል አልፎ ጨረስን። ታተመ። ሴትዮዋ ፊርማ ስለማይችሉ ተማሪዬ የቀለም ማኅተሙን ከፈተችላቸው፤ አውራ ጣታቸውን ነክረው በየገጹ ግርጌ አሳረፉ። ሐምራዊ ሆኖ የቀረውን ጣታቸውን ወደ እኔ ዘርግተው «የእኔም የሚሠራው ይኸው ነው» አሉና ወረቀቱን ይዘው ወደ ፍርድ ቤቱ በር እንደ ልጅ ሮጡ።

አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ሲቀር ተመለሱ። ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ተመትቷል። «ገባ» አሉ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ የደነዘዘውን ነው የያዙት፤ እንደያዙት ያወቅሁት በዓይኔ ነው። ይግባኙ የት እንደደረሰ አላውቅም። የሄደ ድንጋይ መመለሱን የሚነግረኝ ሰው አልመጣም።

ሰው ሁሉ ሲበተን ተማሪዬ መስኮቱን ልትዘጋ መጣች። አንድ ነገር መናገር ስላለብኝ ብቻ ጠየቅኋት።

«እንግዲህ ሦስቱን ማውስ መቼ ነው የምትገዢው?»

«የምን ሦስት?» አለች።

ወዲያው ትዝ አላት። ልታስተካክለው አፏን ከፈተች፤ ግን ዓይኗ ተሰበረ። እኔ ደግሞ ይህን ቦታ ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ። ጣቴን አዘገየሁላት። ምንም አላስተካከለችም። ለሱቁ የሚገዛ ማውስ አልነበረም። ግምገማም አልነበረም። አንድ ሽማግሌ «ልርዳዎ» ቢሉት እንደማይቀበል አውቃ «ይርዱኝ» ብላ የሰጠችው ዕቃ ነው። እኔ ያስተማርኋት ማመልከቻ አጻጻፍ ነው፤ ይህን ከማን እንደተማረችው አላውቅም።

ማታ ቤቴ ስደርስ የግምገማውን ወረቀት አውጥቼ በግራ እጄ ጨረስሁት። ጠንካራ ጎን በሚለው ሥር ያለውን አልነካሁም፤ እውነት ስለሆነ። ደካማ ጎን በሚለው ሥር «መብራት ሲጠፋ የነበረበትን ይረሳል፤ ሌላ ሰው ካልከፈተለት አይሠራም፤ ይህንንም ራሱ አያውቅም» ብዬ ጻፍሁ። ሚስቴ በትከሻዬ በኩል አነበበችው።

«ይሄ ስለ ማውሱ ነው?»

«ስለ ማውሱ ነው።»

«እሺ» አለች። እሷም እሺ ማለት ጀምራለች።

በማግስቱ ወረቀቱን ለተማሪዬ ሰጠኋት። አንብባ አጠፈችውና መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን እንዲህ ሆነ፤ እኔ ባለጉዳዩን እያየሁ እናገራለሁ፣ እሷ በመስኮቱ ውስጥ ትተይባለች። አሮጌውን ኮምፒዩተር ለኮፒ ሥራ ወሰደችው። ጠረጴዛዬ ባዶ ሆነ። የመጀመሪያው ባለጉዳይ ተቀምጦ «ይኸውልዎ» ብሎ ሲጀምር እኔ ቃል አልወጣህ አለኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርሁ። አፌ ይከፈታል፣ «አመልካች» የምትለዋ እንኳ አትመጣም። ተማሪዬ በመስኮቱ አየችኝ። ተነሥታ ሄደች፤ ማውሱን ነቅላ አምጥታ በቀኝ እጄ ሥር አስቀመጠችልኝ። መብራት የለውም። አውራ ጣቴ አንድ ቁጥርን ነካ። «አመልካች» አልሁ።

አሁን እንዲሁ ነው የምሠራው። እናገራለሁ፤ አውራ ጣቴ ከሥር ከሥር ይመታል፤ ማንም አይሰማውም። ስሳሳት ዘጠኝን እመታለሁ፣ ተማሪዬም ጣቴን በመስኮቱ አይታ ታውቀውና ወደ ኋላ ትሰርዛለች። ባለፈው ከአንበሳሜ የመጡ አንድ ገበሬ አቤቱታቸውን እያስጻፉ እጄን ሲያዩ ቆይተው ገመዱን በዓይናቸው ተከተሉት፤ ከጠረጴዛው ወደ ታች፣ ከታች ወደ ኮቴ።

«ጸሐፊው፣ ይህ ገመድ የት ነው የሚገባው?» አሉኝ።

«ኪሴ ነው» አልሁና ቀጠልሁ።